ክለቡ የማይወርድበት፣ ተጫዋቹ የሚወርድበት ሊግ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው ጥያቄዎች በሙሉ በአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋቾች ከማይነር ሊግ ወደ ሜጀር ሊግ የሚወጡበትንና ተመልሰው የሚወርዱበትን ሥርዓት የሚመለከቱ ናቸው። ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸውን አጣምረናል፤ ረጃጅሞቹንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ቤዝቦል መከታተል የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ማክሰኞ ሲጫወት ያየሁት ልጅ ረቡዕ «ወደ ማይነር ሊግ ወረደ» ይባላል፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ አየዋለሁ። በእግር ኳስ ቡድን ሲወርድና ሲወጣ እንጂ ሰው ብቻውን ሲመላለስ አላውቅም። ነገሩ ውሰት ነው ወይስ ቅጣት?

መልስ፦ ውሰትም ቅጣትም አይደለም። ግር የሚለውም ከእግር ኳስ ጋር ስናስተያየው ነው። በእግር ኳስ የሚወርደው ክለቡ ነው፤ ተጫዋቹ ወይ አብሮ ይወርዳል ወይ ተሽጦ ይሄዳል። በሜጀር ሊግ ቤዝቦል ግን 30ዎቹ ክለቦች የመጨረሻውን ደረጃ ቢይዙም በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ናቸው፤ ከበታቻቸው ያሉት የማይነር ሊግ ቡድኖችም በየዓመቱ ዋንጫ ቢያነሱ ወደ ላይ የሚያሻግራቸው በር የለም። የሚወጣውም የሚወርደውም ሰውየው ብቻ ነው።

እያንዳንዱ የሜጀር ሊግ ክለብ ከሥሩ አራት ቡድኖች አሉት፤ እነዚህም ከላይ ወደ ታች ትሪፕል ኤ፣ ደብል ኤ፣ ሃይ ኤ እና ሲንግል ኤ በሚባሉ እርከኖች የተደለደሉ ሲሆኑ፣ ከ2021 ወዲህ በድምሩ 120 ናቸው። ከእነርሱም በታች በአሪዞና፣ በፍሎሪዳና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ጀማሪዎች የሚጫወቱባቸው ሊጎች ይገኛሉ። የማይነር ሊጉ ቡድን የራሱ ባለቤት ቢኖረውም እንኳ፣ ባለቤቱ ስታዲየም ያስተዳድራል፣ ትኬት ይሸጣል እንጂ የተጫዋቾቹንና የአሠልጣኞቹን ደመወዝ የሚከፍለው፣ ማን የት እንደሚሰለፍ የሚወስነውም የበላዩ ክለብ ነው። ስለዚህ ለዋንጫ የሚፎካከር የትሪፕል ኤ ቡድን ምርጥ መቺውን በአንድ የስልክ ጥሪ ሊያጣው ይችላል፤ ቢከፋውም አቤት የሚልበት የለም።

ጥንት እንዲህ አልነበረም። የታችኞቹ ክለቦች በራሳቸው የቆሙ ስለነበሩ ያሳደጉትን ተጫዋች ለላይኞቹ ይሸጡ ነበር፤ ገንዘብ የሌለው የላይኛው ክለብም በጨረታው ይሸነፋል። በ1920ዎቹ የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ኃላፊ የነበረው ብራንች ሪኪ፣ ከሀብታሞቹ ክለቦች ጋር በገንዘብ መወዳደር እንደማይችል በመረዳቱ፣ የታችኞቹን ክለቦች ራሳቸውን እየገዛ ተጫዋቾቹን ከሥር ማብቀል ጀመረ። ዛሬም ድረስ ይህ አሠራር በአሜሪካኖቹ ቋንቋ «እርሻ» በሚለው ቃል መጠራቱ ከዚያው የመጣ ነው። ሪኪ በኋላ ወደ ብሩክሊን ዶጀርስ ተዛውሮ ጃኪ ሮቢንሰንን ሲያስፈርም የተጠቀመው ይህንኑ መሰላል ነበር፤ ሮቢንሰን 1946ን በሙሉ ለዶጀርስ ቅርንጫፍ ለሞንትሪያል ከተጫወተ በኋላ ሚያዝያ ወር ላይ፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 15 ቀን 1947፣ ወደ ሜጀር ሊጉ ገባ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ የፈረንጆች መሆናቸውን አያይዘን እናስታውሳለን።

ጥያቄ፦ አንድ ተንታኝ «እርሱ ኦፕሽን አለው፤ ስለዚህ የሚወርደው እርሱ ነው» ሲል ሰማሁ። እኔ ግን ከሁለቱ የተሻለው የወረደው ልጅ እንደ ነበር አይቻለሁ። ኦፕሽን ማለት ምንድን ነው? የተሻለው ለምን ይወርዳል?

መልስ፦ ዓይንዎ አልተሳሳተም። የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንመልሳለን።

እያንዳንዱ ክለብ ሁለት የስም ዝርዝሮች አሉት። አንደኛው በየዕለቱ ለጨዋታ ብቁ የሆኑት 26 ሰዎች የሰፈሩበት ነው፤ በሴፕቴምበር ወር ወደ 28 ከፍ ይላል። ሁለተኛው 40 ሰዎችን የሚይዝ ሲሆን፣ 26ቱን ጨምሮ ክለቡ ሌላ እንዳይወስድበት የከለላቸውን ተጫዋቾች ያካትታል። በ40ዎቹ ውስጥ ኖሮ በ26ቱ ውስጥ ያልገባ ጤነኛ ተጫዋች በማይነር ሊግ ይመደባል፤ ይህ ምደባ ነው ኦፕሽን የሚባለው። ክለቡ ተጫዋቹን ሳያጣው፣ ለሌሎች ክለቦችም ሳያቀርበው፣ ወደ ታች አውርዶ መልሶ የሚያወጣበት መብት ነው።

መብቱ ግን ያልቃል። አንድ ተጫዋች በመደበኛው ሥርዓት ሦስት የኦፕሽን ዓመታት አሉት፤ በተለየ ሁኔታ አራተኛ የሚጨመርላቸውም አሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሦስት ኦፕሽን ማለት ሦስት ጊዜ መውረድ ማለት አይደለም። የሚቆጠረው ዓመቱ ነው። በአንድ የውድድር ዘመን በድምሩ 20 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ታች የቆየ ተጫዋች አንድ የኦፕሽን ዓመት ተቃጠለበት ይባላል፤ በዚያው ዓመት አንድ ጊዜም ይውረድ አራት ጊዜ፣ የሚቃጠለው አንድ ብቻ ነው። ቀድሞ በዓመት የመመላለሱ ብዛት ገደብ አልነበረውም፤ በተለይ በጨዋታው አጋማሽ የሚገቡ ወርዋሪዎች ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ከከተማ ከተማ ይንከራተቱ ነበር። በ2022 በክለቦችና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል የተፈረመው ስምምነት በአንድ የውድድር ዘመን ከአምስት ጊዜ በላይ በኦፕሽን ማውረድን ከለከለ። የወረደ መቺም ቢያንስ 10 ቀን፣ ወርዋሪ ደግሞ 15 ቀን ታች መቆየት አለበት፤ ከዚያ በፊት ሊጠራ የሚችለው በዋነኛነት የተጎዳ ተጫዋች ለመተካት ሲሆን ነው። የመጀመሪያው ጠያቂያችን የታዘቡት የሁለት ሳምንት ልዩነት ምንጩ ይኸው ነው።

እንግዲህ አንድ ሥራ አስኪያጅ ትናንት ጨዋታው ረዝሞበት ወርዋሪዎቹ ሁሉ ደክመዋል እንበል። ለዛሬ ያልደከመ ክንድ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ አንድ ሰው መውረድ አለበት። ከፊቱ ሁለት ወርዋሪዎች አሉ። አንዱ ወጣት፣ ፈጣንና ኦፕሽን ያለው ነው፤ ሌላው ከእርሱ የሚያንስ፣ ግን ኦፕሽኑን የጨረሰ ነው። ሁለተኛውን ለማውረድ መጀመሪያ ለሌሎቹ 29 ክለቦች ማቅረብ ስለሚገባው፣ አንዱ ከወሰደው እስከ ወዲያኛው ያጣዋል። የመጀመሪያውን ቢያወርደው ግን ሁለቱም ይቀሩለታል። ወጣቱ ትናንት ሦስት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት ቢወረውርም እንኳ የሚወርደው እርሱ ነው፤ ያንን ሁሉ በመወርወሩ ደግሞ ዛሬ ክንዱ አይጠቅምም። ጥሩ ስለሠራ ወረደ ቢባል ማጋነን አይሆንም። እኛ ይህን ሥርዓት ፍትሐዊ ነው አንልም፤ የሚወርደውን የሚመርጠው ግን ብዙውን ጊዜ ችሎታ ሳይሆን ወረቀት መሆኑን ያወቀ ተመልካች ግማሹ ግራ መጋባቱ ይለቅቀዋል።

ጥያቄ፦ ኦፕሽኑን የጨረሰው ተጫዋችስ ምን ይሆናል? «ዲ ኤፍ ኤ ተደረገ» ሲባል ተባረረ ማለት ነው?

መልስ፦ ገና አልተባረረም፤ ከ40ዎቹ ዝርዝር ወጥቶ ዕጣው የሚጠበቅ ሰው ሆኗል። ክለቡ በሰባት ቀናት ውስጥ ወይ ለሌላ ክለብ ይለውጠዋል፣ ወይ ያሰናብተዋል፣ ወይ ዌይቨር በሚባለው ሥርዓት ለሁሉም ክለቦች ያቀርበዋል። በዌይቨር ሲቀርብ ብዙ ፈላጊ ከተገኘ ቅድሚያው ውጤቱ ደካማ ለሆነው ክለብ ነው፤ የወሰደውም ክለብ ውሉን ከነደመወዙ ይረከባል። ማንም ካልጠየቀው የቀድሞው ክለብ ወደ ማይነር ሊግ ሊመድበው ይችላል፤ ይህ ምደባ ግን ከኦፕሽን ይለያል፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ ከ40ዎቹ ዝርዝር ውጭ ሆኖ ነው የሚወርደው።

ተጫዋቹም እዚህ ላይ አንደበት አለው። በሜጀር ሊግ ሦስት ዓመት ያገለገለ፣ ወይም ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ የወረደ ተጫዋች፣ ምደባውን አልቀበልም ብሎ ነፃ ተጫዋች መሆን ይችላል። አምስት ዓመት ያገለገለ ደግሞ ኦፕሽን ቢቀረው እንኳ ያለ ፈቃዱ ወደ ታች አይወርድም።

ጥያቄ፦ አንድ ታዋቂ ኮከብ በሲንግል ኤ ሲጫወት በቪዲዮ አየሁ። እርሱም ወርዶ ነው?

መልስ፦ የለም፤ ከጉዳት ሲያገግም ነው ያዩት። በጉዳተኞች ዝርዝር ላይ ያለ ተጫዋች ወደ ሜዳ ከመመለሱ በፊት በማይነር ሊግ ይሞከራል፤ ለመቺ እስከ 20 ቀን፣ ለወርዋሪ እስከ 30 ቀን ይፈቀዳል። ደመወዙ አይነካም፤ የሜጀር ሊግ አገልግሎቱም መቆጠሩን ይቀጥላል። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለው እንግዳ ለታችኞቹ ልጆች ጥሩ ምግብ የመጋበዝ ልማድ አለው፤ ስለዚህ የኮከቡ መጎዳት ደጋፊውን ሲያሳዝን የሲንግል ኤ ልጆች ሆድ ግን ይጠግባል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው ዝግጁ ነው የሚለውን ወጣት ክለቡ ለምን ታች ያቆየዋል? ቡድኑ ማሸነፍ አይፈልግምን?

መልስ፦ ይፈልጋል፤ ነገር ግን የዘንድሮን ድልና ከስድስት ዓመት በኋላ የሚገኘውን ድል በአንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል። የሜጀር ሊግ አገልግሎት የሚቆጠረው በቀን ነው። የውድድሩ ዘመን 187 ቀን ገደማ ቢረዝምም 172 ቀን እንደ አንድ ሙሉ ዓመት ይያዛል፤ ስድስት ሙሉ ዓመት የሞላው ተጫዋች ነፃ ሆኖ ለፈለገው ክለብ ይፈርማል። እንግዲህ በመጀመሪያው ዓመት ተጫዋቹን ለሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ታች ማቆየት 171 ቀን ላይ እንዲቆም ያደርገዋል፤ ዓመቱ አይሞላም፤ ክለቡም ምርጥ ጊዜው ላይ የደረሰውን ተጫዋች ለአንድ ተጨማሪ ዓመት በእጁ ያስቀረዋል።

በዚህ ረገድ ስሙ የሚነሣው ክሪስ ብራያንት ነው። በ2015 የዝግጅት ጨዋታዎች ላይ ዘጠኝ ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳው ውጭ የሚያወጣ ምት) መትቶ ሳለ ቺካጎ ከብስ ወደ ትሪፕል ኤ ላከው፤ በአፕሪል 17 ጠራው። ዓመቱን የጨረሰው በ171 ቀን ነው። ክለቡ የመከላከል ችሎታውን ማሻሻል ስለነበረበት ነው አለ፤ ብራያንት የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች፣ በ2016 ደግሞ ከሜጀር ሊጉ ሁለት ክፍሎች የአንዱ፣ የናሽናል ሊጉ፣ ኮከብ ተጫዋች ሆነ፤ በዚያው ዓመት ከብስ ዋንጫውን አነሣ። በማኅበሩ በኩል ያቀረበው አቤቱታ በ2020 በግልግል ዳኛ ውድቅ ስለተደረገበት ነፃ የወጣው ከ2020 በኋላ ሳይሆን ከ2021 በኋላ ነው። አንዲት ቀን ማለት ይህን ያህል ናት።

ከዚህ የተነሣ የ2022ቱ ስምምነት ለክለቦቹ ማባበያ አስቀመጠ። ተስፋ የተጣለበትን ወጣት ከመጀመሪያው ያሰለፈ ክለብ፣ ልጁ ትልልቅ ሽልማቶችን ሲያገኝ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት ላይ ተጨማሪ ምርጫ ይሰጠዋል። በተቃራኒው፣ ዘግይቶ የተጠራ ልጅ በዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ምርጫ ከሊጉ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ከወጣ ሙሉ ዓመት እንዳገለገለ ይቆጠርለታል፤ ክለቡ የቆጠበው ቀን ባዶ ይቀራል። የፒትስበርጉ ወርዋሪ ፖል ስኪንስ በ2024 በሜይ ወር ተጠርቶ አንደኛ በመውጣቱ ሙሉ ዓመት ያገኘው በዚህ ነው።

ለተጫዋቹ ደግሞ ቀኗ ገንዘብም ናት። በ2025 የሜጀር ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 760,000 ዶላር ነበር፤ ለውድድሩ ቀናት ሲካፈል በቀን ከ4,000 ዶላር ይበልጣል። የማይነር ሊግ ተጫዋቾች በ2022 በማኅበር ተደራጅተው በ2023 የመጀመሪያውን ስምምነት ሲፈርሙ ለትሪፕል ኤ የተቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ በዓመት 35,800 ዶላር ነበር፤ ከዚያ በፊት ግማሹ እንኳ አልነበረም። በ40ዎቹ ዝርዝር ያሉት በኦፕሽን ሲወርዱ ከዚህ የተሻለ የሚከፈላቸው ቢሆንም፣ ከዝርዝሩ ውጭ ላለ ልጅ ግን ላይ የዋለባት አንዲት ቀን ከታቹ የአንድ ወር ገቢ ትበልጣለች። 43 ቀን ከሞላለት ደግሞ የጡረታ መብት ያገኛል።

ጥያቄ፦ ክለቡ ሞልቶበት ታች የተረሳ ተጫዋች መውጫ የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ አንድ መውጫ አለ፤ በየዓመቱ በዲሴምበር የሚካሄደው ሩል ፋይቭ ድራፍት ነው። በ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በፊት ፈርሞ አምስት የውድድር ዘመን፣ በ19 ወይም ከዚያ በኋላ ፈርሞ አራት የውድድር ዘመን ያለፈውን ተጫዋች፣ ክለቡ በ40ዎቹ ዝርዝር ካላስገባው ሌላ ክለብ 100,000 ዶላር ከፍሎ ይወስደዋል። ነገር ግን የወሰደው ክለብ ዓመቱን በሙሉ በ26ቱ ውስጥ ሊያቆየው ይገባል፤ ካልቻለ በዌይቨር አሳልፎ ለቀድሞው ክለብ በ50,000 ዶላር እንዲመልሰው ይጠየቃል። በመሆኑም ይህ መንገድ ጥቂቶችን ብቻ ነው የሚያሻግረው።

የተሻገሩት ግን ይታወሳሉ። ብሩክሊን ዶጀርስ ሮቤርቶ ክሌሜንቴን በ1954 አስፈርሞ በሞንትሪያል አስቀመጠው፤ በዚያ ዘመን ከ4,000 ዶላር በላይ የፊርማ ጉርሻ የተከፈለው ተጫዋች ታች ከተላከ ለድራፍቱ ይጋለጥ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ፒትስበርግ ወሰደው። የፒትስበርግ ሥራ አስኪያጅ በዚያን ጊዜ ማን ነበር ቢሉ፣ ያው ብራንች ሪኪ! እርሻውን የፈጠረው ሰው ከሌላው ማሳ አጨደ። ክሌሜንቴ ለፒትስበርግ 18 የውድድር ዘመን ተጫውቶ ልክ 3,000 ኳሶችን መትቶ በመድረስ አጠናቀቀ፤ በዲሴምበር 31 ቀን 1972 በኒካራጓ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች ዕርዳታ ይዞ ሲጓዝ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ጥያቄ፦ ማይክል ጆርዳን ሜጀር ሊግ ተጫውቷል ወይስ አልተጫወተም? ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረናል።

መልስ፦ አልተጫወተም። በ1994 የቺካጎ ዋይት ሶክስ ቅርንጫፍ በሆነው በበርሚንግሃም ባረንስ፣ ማለትም በደብል ኤ፣ ተጫውቶ የመምታት አማካዩ .202 ነበር፤ ማለትም ከአሥር ሙከራ የተሳካለት ሁለቱ ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ አልወጣም። ከልጅነቱ ወዲህ ኳሱን ላልነካ ሰው ግን ደብል ኤ ላይ ይህን ያህል መምታት ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ አንዴ ወጥቶ የወረደ ሰው ልቡ ይሰበራል። ወርዶ ታላቅ የሆነ አለ? ብዙ ዘመን ታች ቆይቶ የወጣስ?

መልስ፦ አለ። ሚኪ ማንትል በ1951፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ከኒው ዮርክ ያንኪስ ወደ ማይነር ሊግ ቅርንጫፉ ወደ ካንሳስ ሲቲ ወርዶ መጫወቱን ሊያቆም ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ በዚያው ክረምት ተመለሰ። ከእርሱ ይልቅ እኛን የሚደንቀን ግን ሮይ ሃላዴይ ነው። የቶሮንቶው ወርዋሪ በ2000 በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ 10.64 ነጥብ ተቆጠረበት፤ ቢያንስ 50 ኢኒንግ ከወረወሩት ሁሉ በታሪክ የከፋው ነው። በ2001 መጀመሪያ ላይ ክለቡ አንድ እርከን ብቻ አላወረደውም፤ እስከ ፍሎሪዳው ደኒዲን፣ እስከ ሃይ ኤ ድረስ አወረደው። እዚያ የክንዱን አወራወር ከመሠረቱ ቀይሮ፣ ደረጃ በደረጃ በደብል ኤ በትሪፕል ኤ አልፎ፣ በዚያው ዓመት አጋማሽ ተመለሰ። በ2003 እና በ2010 የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ የሚሸለመውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ፤ በ2010 አንድም ተጋጣሚ ቤዝ ሳይረግጥበት ሙሉ ጨዋታ ጨረሰ፤ ካረፈ በኋላም በ2019 በዝነኞች አዳራሽ ገባ። የሃላዴይ መውረድ በወረቀት ምክንያት አልነበረም፤ የምር መውረድ ነበረበት።

ብዙ ለቆየው ደግሞ ድሩ ማጂን እንጥቀስ። ፒትስበርግ በ2010 በድራፍት የመረጠው ይህ ተጫዋች ከክለብ ክለብ እየተዘዋወረ ከ1,150 የሚበልጡ የማይነር ሊግ ጨዋታዎችን አደረገ። በ2021 ሚኒሶታ ጠርቶት ነበር፤ ነገር ግን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳይሰለፍ ወረደ። በአፕሪል 2023 ፒትስበርግ ውስጥ ብራያን ሬይኖልድስ ቤተ ዘመድ ስለሞተበት፣ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን የሚፈቅደውን የሐዘን ፈቃድ ወሰደ፤ ክለቡም በቦታው በደብል ኤ ይጫወት የነበረውን የ33 ዓመቱን ማጂን ጠራ። አፕሪል 26 ለመምታት ሲወጣ ስታዲየሙ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበለት። ሳይመታ ተመለሰ። ከሦስት ቀን በኋላ በዋሽንግተን የመጀመሪያውን ኳስ በትክክል መታ፤ ከዚያም ሬይኖልድስ ከሐዘኑ ስለተመለሰ ማጂ ወደ ታች ሄደ።